«እናቴን ከሆስፒስ አስወጡብኝ» ላሉት ወንድም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ዕትማችሁ በአንባቢያን ገጽ ላይ የወጣውን የአንድ ወንድማችንን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። እናታቸው በሆስፒስ (የማይድን በሽታ ያለበትን ሰው በመጨረሻ ዘመኑ ሕመሙን እያስታገሱ በሚንከባከቡበት አገልግሎት) ሲረዱ ቆይተው «ተሽሏቸዋል» ተብሎ አገልግሎቱ እንደተቋረጠባቸው፣ አልጋውና የኦክስጅን ማሽኑ ተነቅሎ እንደተወሰደ ነግረውናል። «ለመሞት ቢዘገዩ ተባረሩ» ያሉት አነጋገር አንጀት ይበላል። እናቱ ላይ እንዲህ ሲደረግ ያየ ልጅ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ነገር ግን ደብዳቤውን ያነበቡ ሰዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «ሆስፒስ የሚባል ነገር እንዳትነኩ» ሲባባሉ በጆሮዬ ስለሰማሁ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

እኔ በሰሜን ቨርጂኒያ ቤት ለቤት እየዞርኩ የምሠራ የሆስፒስ ነርስ ነኝ። አሌክሳንድሪያ፣ አናንዴል፣ ፎልስ ቸርች፣ አንዳንዴም ውድብሪጅ ድረስ እነዳለሁ። ታማሚዎቼ ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ አማርኛ ተናጋሪ ሲመጣ ግን መሥሪያ ቤቱ ወደ እኔ ይመራዋል። ስለዚህ የኛ ሰው ከሆስፒስ ሲወጣ፣ በምን ምክንያት እንደሚወጣና ከወጣ በኋላ ምን እንደሚገጥመው በቅርብ አያለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅ። ሆስፒስ የገባ ሁሉ እዚያው አያርፍም። በዚህ አገር በሜዲኬር (በአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) በኩል በየዓመቱ ከሆስፒስ ከሚሰናበቱት ውስጥ ከ100 17 ወይም 18 የሚሆኑት በሕይወት እያሉ የሚወጡ ናቸው። ከነዚህ መካከል በሐኪም ውሳኔ የሚወጡ አሉ፣ በራሳቸው ወይም በልጆቻቸው ፊርማ የሚወጡ አሉ፣ ሌላ ስቴት ስለሄዱ ወይም ድርጅት ስለቀየሩ ብቻ የሚወጡም አሉ። ቤተሰብ የሚጎዳው የትኛው እንደደረሰበት ሳያውቅ ሲቀር ነው።

ከወንድማችን እናት ልጀምር። ሜዲኬር ለሆስፒስ የሚከፍለው ሁለት ሐኪሞች «በሽታው በተለመደው አካሄዱ ከቀጠለ ይህ ሰው ከ6 ወር በላይ ላይቆይ ይችላል» ብለው ሲፈርሙ ነው። ብዙ ቤተሰብ ከዚህ ተነሥቶ 6 ወር ሲሞላ የሚያባርሩ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ 90 ቀን፣ ቀጥሎ ሌላ 90 ቀን፣ ከዚያ በኋላ በየ60 ቀኑ እየታደሰ ያለ ገደብ ሊቀጥል ይችላል። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በየካቲት 2023 ሆስፒስ ገብተው ያረፉት በታኅሣሥ 2024 መጨረሻ፣ በ100 ዓመታቸው ነው። ልዩነቱ በየዕድሳቱ ሐኪም አይቶ «አሁንም እየደከመ ነው» ብሎ መጻፍ መቻሉ ላይ ነው። ከሦስተኛው ዙር፣ ማለትም ከሁለቱ 90 ቀኖች በኋላ ካለው ዕድሳት ጀምሮ ደግሞ ሐኪም ወይም ነርስ ፕራክቲሽነር (ከፍተኛ ሥልጠና ያላት ነርስ) ታማሚውን ራሳቸው ማየት ግድ ነው።

በእውነት የሚሻለው ሰው አለ። የዋሽንግተን ፖስት አምደኛ የነበረው አርት ቡክዋልድ በ2006 የኩላሊት እጥበት አልፈልግም ብሎ እዚሁ ዋሽንግተን ሆስፒስ ገባ። ሳምንታት ብቻ ተሰጥተውት ሳለ ኩላሊቱ ሥራውን ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ከሆስፒስ ወጥቶ ወደሚወዳት ደሴት ሄደ። ያረፈው በጃንዋሪ 2007 ነው። እንዲህ ያለው መውጣት የሚያስደስት ነው፤ እኔም አይቼ እልል ያልኩበት ቀን አለ።

ድርጅቱ ሲያሰናብት የኛ እናቶችና አባቶች ላይ በብዛት የማየው ግን ሌላ ነው። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሽማግሌ ሆስፒስ ይገባሉ። ነርስ በየሳምንቱ ታያቸዋለች፤ ረዳት እየመጣች ታጥባቸዋለች፤ መድኃኒታቸው ተስተካክሎ ሆድ ድርቀቱም ሕመሙም ይቀንሳል፤ ልጃቸውም ምግብ እንዴት ቀስ ብላ እንደምታጎርስ ትማራለች። በሁለት በሦስት ወር ኪሎ ይጨምራሉ፤ ቁስላቸው ይደርቃል፤ ትንፋሻቸው ይረጋጋል። ከዚያ ወረቀቱ ሲታይ መድከማቸውን የሚያሳይ ቁጥር ይጠፋል። ሰውየው የቆሙት በምርኩዝ ነው፤ ቆመዋል ተብሎ ምርኩዙ ሲወሰድ ምን ይሆናል? ከወጡ በኋላ ወራት ሳይቆዩ ሳምባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል የተኙ፣ ከዚያም ወደኛ የተመለሱ አሉ። ካንሰር አካሄዱ ይታወቃል፤ የመርሳት በሽታና የልብ ድካም ግን ከፍ ዝቅ እያሉ ዓመታት ስለሚወስዱ የሐኪሙ ግምት በብዛት የሚሳሳተው በነሱ ላይ ነው። ሕጉ ሲወጣ ይህ እንደሚሆን ሊታሰብበት ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሥራዬን ብወደውም ይህን ክፍል አልወደውም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እርስዎና እንደ እርስዎ ያላችሁ ይህን ያዙ። ድርጅቱ «ተሽሏቸዋልና እናሰናብታለን» ሲል አገልግሎቱ ከመቋረጡ ቢያንስ 2 ቀን በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ወረቀቱ ላይ ይግባኝ የሚሰማው ገለልተኛ አካል ስልክ ተጽፏል። አገልግሎቱ ከሚቆምበት ዕለት በፊት ባለው ቀን እስከ እኩለ ቀን ድረስ ከደወላችሁ ጉዳዩ በአስቸኳይ ይታያል። በዚያ ጥሪ ላይ «እናቴ ታመዋል» ማለት ብቻውን አይረዳም። ባለፉት 6 ወራት ስንት ኪሎ ቀነሱ? የሚናገሩት ቃል ስንት ቀረ? ስንት ጊዜ ወደቁ? ሲጠጡ ትን ይላቸዋል? የሽንት ቧንቧቸው ተመርዞ ወይም ሳምባ ምች ይዟቸው ያውቃል? ይህን በደብተር የያዘ ልጅ ሲናገር ይሰማል። ይግባኙ ባይሳካ እንኳን ደብተሩ አይጣል። ድካሙ ሲመለስ ለያዛቸው ድርጅት ወይም ለሌላ ደውሎ «እንደገና ይገምገሙልኝ» ማለት ይቻላል፤ አንድ ጊዜ የወጣ ሰው ተመልሶ አይገባም የሚል ሕግ የለም።

አልጋውና ኦክስጅኑ በድንገት መወሰዱ ግን አግባብ አልነበረም። ድርጅቱ ከማሰናበቱ በፊት ዕቅድ ማውጣት አለበት፦ መድኃኒቱን ከዚህ በኋላ የሚያዝ ሐኪም ማን ነው፣ ኦክስጅንና አልጋ ከመደበኛው ሜዲኬር በኩል እንዴት ይታዘዛሉ፣ የቤት ረዳት ለማግኘት ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው ያለው የመንግሥት የጤና መድን) ይሞከራል ወይ የሚለውን ሁሉ። ሶሻል ወርከሯን ይህን በጽሑፍ ጠይቋት። ሌላው ማሽን ሳይተከል የመጀመሪያው እንዳይነሣ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አሁን ወደከበደኝ ነገር ልምጣ። ከኛ ማኅበረሰብ ከሆስፒስ የሚወጣው አብዛኛው ሰው ድርጅቱ አሰናብቶት አይደለም የሚወጣው። ልጆቹ በሌሊት በአስቸኳይ ስልኩ 911 አምቡላንስ ጠርተው፣ በሆስፒታል ኢመርጀንሲ ክፍል ውስጥ ፈርመው ያስወጡታል። ከዚያም በስተጀርባ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ የተደበቀ ነገር አለ፤ ታማሚው ሆስፒስ ውስጥ መሆኑን አያውቅም።

አንድ ቤት ልንገራችሁ፤ ማን እንደሆኑ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። እናት የልብ ድካም አለባቸው። ልጆቹ የገባሁ ቀን በር ላይ ጠብቀው «ሲስተር፣ እማዬ ምንም አታውቅም፤ ደም ግፊት የምትለካ ነርስ ነኝ በይልን» አሉኝ። ፍቅር ነው። እኛ አገር መርዶ እንኳን ሌሊት በሽማግሌ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ «ትሞቻለሽ» ብሎ ለእናት መናገር ለልጅ ጭካኔ ይመስለዋል። እኔ ግን እዋሻለሁ ብዬ ቃል አልገባሁም፤ ከጠየቁኝ እመልሳለሁ አልኳቸው። እናትየው አልጠየቁኝም። አንድ ቀን ብቻ እጄን ይዘው «ልጆቼን ምን አስጨነቃቸው?» አሉኝ። ከዚያ በላይ የሚያውቅ ሰው አለ?

ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ የመድኃኒት ሣጥን እናስቀምጣለን። የትንፋሽ ማጠር በሌሊት ሲመጣ የሚሰጥ ፈሳሽ ሞርፊን፣ ጭንቀት የሚያስታግስ ሎራዜፓም፣ የጉሮሮ ፈሳሽ የሚቀንስ ጠብታ በውስጡ አለ። የሞርፊኑ መነሻ መጠን ብዙውን ጊዜ 5 ሚሊግራም ነው፤ በዚያ መድኃኒቱ በበዛበት ፈሳሽ ሲለካ የአንድ ሚሊሊትር ሩብ፣ ምላስ ሥር የሚጠፋ ጠብታ ነው። ትልቋ ልጅ ሣጥኑን ልትነካው አልፈለገችም። ሊጠይቁ የመጡ ዘመዶች «ሞርፊን ከጀመሩ ያው አለቀ፣ የሚገድላቸው እሱ ነው» ብለዋታል። በትክክል ተለክቶ የሚሰጥ ሞርፊን ሰው እንደማይገድል፣ አየር አጣሁ የሚለውን ሥቃይ እንደሚያስታግስ ደጋግሜ አስረድቼ ነበር። ነገር ግን እኔ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው የምገባው፤ ሶፋው ላይ የሚቀመጠው ዘመድ ነው።

ሌሊቱ መጣ። እናት ተነሥተው ቁጭ አሉ፣ አየር አጠራቸው፣ ከንፈራቸው ጠቆረ። የሆስፒሱ የ24 ሰዓት ስልክ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ልጅቷ የደወለችው 911 ነው። ደግሞስ ምን ታድርግ? እናቷ ፊት ስለሞት የሚወራበትን ስልክ እንዴት ትደውል? አምቡላንሱ መጣ፤ ልባቸው ቢቆም እንደገና ለማስነሣት እንዳይሞከር የሚያዘው ወረቀት አልተሞላም፣ እናትየው ያላወቁትን ወረቀት ማን ይሙላው። ሆስፒታል ሲደርሱ ቱቦ ገባ። ጠዋት አንድ ሠራተኛ መጥታ «የሆስፒሱን ውል መሰረዝ አለባችሁ» አለቻቸው፤ ፈረሙ። እናትየው ከአይሲዩ (ከጽኑ ሕሙማን ክፍል) አልወጡም። የንስሐ አባታቸው ከመስታወቱ ውጭ ቆመው ጸለዩላቸው፤ እሳቸው ግን በአፋቸው ቱቦ ስለነበረ የመጨረሻ ቃላቸውን አልተናገሩም፤ ልጆቻቸውንም ሳይመርቁ አረፉ። ያቺ ልጅ ዛሬም ድረስ ትደውልልኛለች። የምትጠይቀኝ ስለ ሞርፊኑ አይደለም፤ «ነግሬያት ቢሆን ምን ትለኝ ነበር?» ነው።

በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች ጥቁር ታማሚዎች ከነጮች ይልቅ ሆስፒሱን ትተው ወደ ሆስፒታል የሚመለሱበት ሁኔታ ከፍ ያለ መሆኑን በተደጋጋሚ አሳይተዋል። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ፤ ከሕክምናው ጋር ያለው የቆየ አለመተማመንም አንዱ ነው። የኛን ቤት በተመለከተ ግን ያየሁትን እናገራለሁ፤ የሚያስወጣን ዝምታው ነው። ታማሚው ራሱ አውቆ የመረጠው ሆስፒስ ሌሊቱን ይችለዋል። ለታማሚው ሳይነገር በልጆች ስምምነት ብቻ የተጀመረው ግን የመጀመሪያው ከባድ ሌሊት ላይ ይፈርሳል። ንገሯቸው ስል ዓመትና ወር ቁጠሩላቸው ማለቴ አይደለም። «እማዬ፣ ሐኪሞቹ ልብሽን ማዳን አልቻልንም ብለዋል፤ እንዳያምሽ ግን ቤት ድረስ የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እናቶቻችን ተዝካራቸውን፣ የሚቀበሩበትን ደብር፣ ነጠላቸውን ለማን እንደሚሰጡ ሳይቀር ያሰቡ ሰዎች ናቸው። ቄስ ጠርቶ መቁረብ፣ ቀንዲል ማስደረግ፣ ለሙስሊም ወገኖቻችንም ኢማም ጠርቶ ዱዓ ማስደረግ የሚቻለው ሲታወቅ ነው።

አንድ የሕግ ነገርም እዚህ ላይ ልጨምር። 911 መጥራት በራሱ ከሆስፒስ አያስወጣም። ኢመርጀንሲ መግባትም አያስወጣም። የሚያስወጣው ፊርማው ነው፤ ያም የታማሚው፣ ወይም በሕግ የተወከለው ሰው ፊርማ ነው። ሆስፒሱ «ወጪው ከበዛብን ፈርማችሁ ውጡ» ብሎ ሊጠይቃችሁ አይፈቀድለትም፤ ያለፈ ቀን ጽፎ ማስፈረምም አይቻልም። ሥቃይ ቤት ውስጥ አልታገስ ካለ ራሱ ሆስፒሱ አልጋ ይዞ ለአጭር ጊዜ ሊያስተኛ ይችላል። አስታማሚ ሲደክምም እስከ 5 ቀን የሚደርስ የዕረፍት አገልግሎት አለ። ሌሊት ሆቴል ሠርታ ቀን እናቷን የምታጥብ ልጅ ይህን አታውቅም፤ ደክሟት፣ አልቅሳ፣ «ሆስፒታል ውሰዷቸው» ትላለች። የማይነግሯት ድርጅቶች አሉና እናንተ ጠይቁ።

ስለ ድርጅቶቹም መሸፋፈን አልወድም። ሜዲኬር የሚከፍለው በቀን ነው፤ ብዙ ተጎበኙ ጥቂት ተጎበኙ አብዛኛውን ጊዜ የቀኑ ክፍያ ያው ነው። አንድ ድርጅት በአማካይ በታማሚ ሊቀበል የሚችለው የዓመት ጣሪያም ተወስኗል። ጣሪያውን የሚያልፉት ድርጅቶች ታማሚ በሕይወት በማሰናበት ከሌሎቹ እንደሚበልጡ የሜዲኬር ክፍያ አማካሪ ኮሚሽን ለዓመታት ሲጽፍ ቆይቷል። የማይገባውን ሰው መጀመሪያ አባብሎ ማስገባት፣ በኋላ ማሰናበት አለ ማለት ነው። በር እያንኳኳ «ነፃ ዳይፐር፣ ነፃ አልጋ» እያለ የሚያስፈርም ሰው ከመጣባችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ለቤተሰብ ሐኪማችሁ ደውሉ።

ደግሞ ፈርሞ መውጣት ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። አዲስ መድኃኒት ተገኝቶ ልሞክር የሚል፣ ደም መውሰድ ወይም ኩላሊት መታጠብ የሚፈልግ ሰው መብቱ ነው። (ዕድሜው ከ21 በታች የሆነና በሜዲኬይድ የሚታከም ልጅ ሆስፒስ ቢገባም ሕክምናውን ለማቋረጥ አይገደድም፤ ከ2010 ወዲህ ሕጉ ሁለቱንም አብሮ ይፈቅዳል። ለአዋቂም እንዲህ በሆነ።) አገሬ ልግባ የሚል ሰውም አለ። የቆሽት ካንሰር የነበረባቸው አንድ አባት፣ ወሎ የተወለዱ፣ «አፈሬ እዚያ ነው፤ ጠበሉም እዚያ ነው» ብለው ልጆቻቸውን አስጨነቁ። ልጆቹ መጀመሪያ በድብቅ ትኬት ሊቆርጡ ነበር። ሜዲኬር ከአገር ውጭ ስለማይከፍል ውሉ ቀድሞ በፊርማ መሰረዝ ነበረበት፤ እኛም ቁጭ ብለን አቀድን። ሐኪሙ ለጉዞ የሚበቃ መድኃኒትና ሞርፊኑን የሚያስረዳ ደብዳቤ ጻፉ፤ አየር መንገዱ የጠየቀው የሕክምና ፎርም ተሞላ፤ ዊልቸር ታዘዘ። አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ደግሞ ቤት ለቤት ሕሙማንን የሚያየውን ሆስፒስ ኢትዮጵያን አስቀድሞ አነጋገረ። ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተው ሄዱ። ጠበላቸውንም ተጠመቁ፤ ያረፉት ወንድሞቻቸው መሐል ነው። በመዝገባችን ላይ «ፈርመው ወጡ» ተብሎ ከዚያች እናት ጋር በአንድ ዓምድ ተጽፈዋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

በሆስፒስ ከሚያርፉት ግማሾቹ አገልግሎቱን ያገኙት 18 ቀን ገደማ ወይም ከዚያ ላነሰ ጊዜ ብቻ ነው። የኛ ሰው ደግሞ የሚጠራን ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ሳምንት ነው። በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ሞርፊንን ማስለመድ፣ የተደበቀውን መግለጥ፣ ስልኩን ማስጠናት አይቻልም። ስለዚህ ጥያቄዬ ለእድር ሰብሳቢዎች፣ ለካህናትና ለመስጊድ አስተዳዳሪዎች ነው፦ ገና ማንም ሳይታመም ጥሩን። እኔና አብረውኝ የሚሠሩ ሁለት ኢትዮጵያውያን ነርሶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያለ ክፍያ እንመጣለን፤ ሣጥኑን ከፍተን እናሳያለን፤ ወረቀቶቹን በአማርኛ እናነባለን። ሌላ ከተማ ያላችሁ ደግሞ የአካባቢያችሁን ሆስፒስ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ያለ ክፍያ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ እንዲያስተረጉም አታድርጉ። ለአዘጋጁም፦ የይግባኙን አካሄድ በአንድ ጥግ በአማርኛ ብታትሙልን፣ ጽሑፉን እኔ አዘጋጅቼ እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሆስፒስ ነርስ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ